ለእንግዳ የተከፈተ ቬንትሌተር

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ "ሰዓዳ፣ ደስ የሚል ዜና ይዤልሽ መጣሁ" አለኝ። አዲሱን የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራችንን የሚመርቅ የክብር እንግዳ ተገኝቷል። ከአዲስ አበባ ድረስ ነው የሚመጣው፤ ትልቅ ፕሮፌሰር ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። "አንቺንም አስተምሮሻል አሉ። እንግዲህ የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን ከአንቺ ሌላ ማን ያደርገዋል?" አለና ስሙን ጠራው።

ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

"ምነው? አመመሽ እንዴ?"

"አላመመኝም። ተናደድኩ እንጂ።"

ሳቀ። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ቁጡ መሆኔን ለምደውታል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ "መጋቢት" ነው የሚሉኝ። ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው መጋቢት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ቆርቆሮው የሚንጣጣበት፣ ባሮ ጎድሎ አሸዋው የሚወጣበት፣ ውሻ እንኳ ከኒም ዛፍ ጥላ ንቅንቅ የማይልበት ወር ነው። ቅጽል ስሙን አልጠላውም። ነገሩም የሆነው በመጋቢት ነው።

"እስከ ዛሬ?" የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ እስከ ዛሬ! ቂም ለጤና አይበጅም ይሉኛል። እኔ እንግዲህ ደም ግፊትም ስኳርም የለብኝም፣ ቂሙንም ይዤ አለሁ። ሰው ሲበደል ዝም ብሎ እንዲረሳ የሚመክሩት ብዙ ጊዜ ያልተበደሉት ናቸው።

ቤተሰቤ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ነው። እኔ ጋምቤላ የገባሁት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሰጠን መሬት ላይ በቆሎና ሰሊጥ ያርስ ነበር። ወባው፣ ጎርፉ፣ የአገሩ ሙቀት አልበገረውም፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያንገበግበው፤ ፊደል አለመቁጠሩ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ከተማው ውስጥ ባለው ኮሌጅ ስቀጠር እንደ ልጅ ነው የዘለለው። ለማስተርስ አዲስ አበባ ስገባማ ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ። ከመስጊድ ሲወጣ ያገኘውን ሰው እያስቆመ "ልጄ ለከርሞ ትመረቃለች" ይላል። ለምርቃቴ የሚታረድ ሙክት ፍየል ገዝቶ በረንዳው ላይ አሰረ። ሰፈርተኛው ሲያልፍ ፍየሉን እያየ "አሁንም አልተመረቅክ?" እያለ ይቀልድበት ነበር።

አማካሪዬ ይኸው ፕሮፌሰር ነበር። የሰጠኝ ጥናት ዩራኒየም ከናይትሬትና ከፖታሲየም ጋር ሆኖ ስለሚሠራው ቢጫ ጨው ነው። ዩራኒየም ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ እኛ ግን ቦምብ አልሠራንም፣ ክሪስታል ነው ያሳደግነው። ጓንትና ጭንብል አድርገን፣ በጥንቃቄ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዩራኒየሙ መሐል ይቀመጣል፣ አንድ ኦክስጅን ከላይ፣ አንድ ከታች፣ ወገቡን ደግሞ ሦስት ናይትሬት ይከቡታል። በዚያ ቅርጽ ስንት ሺህ ሚሊዮን ጊዜ ይደረደራል፤ ፖታሲየሙ ክፍተቱን ይሞላል። እኔን የያዘኝ ድርድሩ ነው። አባቴ የበቆሎ ጆንያ ሲደረድር አንዳንዴ አጋድሞ፣ አንዳንዴ አቁሞ ነበር። ጆንያው ያው ጆንያ፣ በቆሎው ያው በቆሎ፤ ክምሩ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ጨውም እንዲህ ነው፤ ውህዱ ሳይለወጥ ሁለት ዓይነት ክሪስታል ይሆናል። ፖሊሞርፊዝም ይሉታል።

ኮሌጁ ደመወዜን ስለሚከፍል የዓመቱን ግማሽ ጋምቤላ እየመጣሁ አስተምር ነበር። በኮሌጁ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የተቀመጡ ሁለት ጠርሙስ የዩራኒየም ጨው ነበሩ። ፕሮፌሰሩ "እዚያው ሥሪ" አለኝ፤ ፈቃዱም ወጣ። አንዱን ከፈትኩ፣ ሌላው እንደታሸገ ቀረ። ወሬው ግን ከተማውን አዳረሰው። ገበያ ስወጣ ባለሱቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እውነት ነው? ከባሮ ነው የሚወጣው?" ይሉኛል።

የሠራሁባት ክፍል ከመጋዘኑ ጎን ያለች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ክፍል ነበረች። መስኮቱን ዘጋሁ። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ነበር፤ አቧራ እንዳያስነሳ ብዬ ለሳምንታት አልከፈትኩትም። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ሳህኖቹን በወረቀት ሸፍኜ ጨዉ ቀስ እያለ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። የባዮሎጂ መምህሩ ኦጁሉ ማይክሮስኮፑን ያውሰኛል። አኙዋክ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ግን አጭርና ቁርጥ ያለ ነገር የሚናገር ሰው። በሩን ከፈት አድርጎ "ሰዓዳ፣ አንቺ ትቀቀያለሽ እንጂ ጨው አይበስልም" ይለኛል።

አንድ ጠዋት ሳህኑን ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገብቼ ሳይ ክው አልኩ። አዲስ አበባ ያሳደግነው ክሪስታል ወፍራም፣ አጭር፣ ድብልብል ያለ ነው። ይሄ ግን ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ መርፌ የሾለ! ኦጁሉን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ።

"ይሄ ሌላ ነው" አለ።

"ሌላ ጨው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጨው። ግን ሌላ ነው።"

ደገምኩት። መርፌ። እንደገና ደገምኩት። አሁንም መርፌ። በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር መረመርኩ፣ ያው ውህድ ነው። በብርሃን ሲታይ ግን ባሕርይው የተለየ ነው። ሙቀቱ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ አዲስ አበባ የማይገኝ ሙቀት፣ ቀስ ያለ መድረቅ። እኔ ሰዓዳ፣ የሰፋሪ ልጅ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሁለተኛውን ድርድር አገኘሁ! ማታ ለአባቴ ስነግረው ምንም አልገባውም፤ ደስ መሰኘቴ ብቻ ገብቶት "አልሐምዱሊላህ" አለና ፍየሉን አይቶ ሳቀ።

በኤክስሬይ ለማረጋገጥ መርፌዎቹን አሽጌ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይዤ ወጣሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቡሬን ሲወጡ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ጎሬ ጉም ነው፣ መቱ ላይ ሰው ጃኬት ይለብሳል። አዲስ አበባ ደርሼ ትንሿን ሳጥን ስከፍት መርፌዎቹ ደፍርሰዋል። መስታወት የመሰለው ሁሉ ወተት መስሏል። በኤክስሬዩም የወጣው ያው የድሮው ድርድር ሆነ። መንገድ ላይ ተለውጧል ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ትከሻውን ሰበቀ። ለመንኩት፤ "እባክዎ እዚያው መጥተው ይዩልኝ" አልኩት። ለሌላ ጉዳይ ወደ ጋምቤላ የሚመጣበት ጊዜ ነበረና እሺ አለ።

መጣ። በዚያ መጋቢት፣ የሱፍ ኮት ለብሶ! ከባሮ ዳር የተጠበሰ ዓሣ አበላነው፤ ሎሚውን እየጨመቀ፣ ጣቱን እየላሰ ነው የበላው። እናቴ ለእንግዳ ብላ የላከችውን ማር ይዤ ነበር፤ እሱንም ተቀበለ። ከዚያ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት። ኦጁሉም አብሮን ገባ። ሳህኖቹን እንዲያይ ሁሉንም ከፈትኩለት።

አንደኛውን እንኳ ሳያይ ኮሌታውን ጎተተ። "ኧረ በፈጣሪ፣ ሞትኩ! ይሄን ቬንትሌተር የሚከፍተው የለም?"

"ፕሮፌሰር፣ ሳህኖቹ ክፍት ስለሆኑ አቧራው..."

"የኔ ልጅ፣ እንግዳ በላብ ገድላችሁ ነው ሳይንስ የምትሠሩት?"

ምን ልበል? እኛ ቤት እንግዳ ውሃ ቢጠይቅ ውሃ፣ አልጋ ቢጠይቅ አልጋ ይሰጠዋል፤ ለእንግዳ እምቢ የሚባል ነገር አላደግንበትም። ኦጁሉም ቤት እንደዚያው ነው። ኦጁሉ አየኝ፤ አልከለከልኩትም፤ ማብሪያውን ተጫነው። ያ ለሳምንታት የቆመ ቬንትሌተር እየተንቋቋ መዞር ጀመረ።

ፕሮፌሰሩ ከኮቱ ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። "እውነተኛውን ላሳያችሁ" አለና ከአዲስ አበባ ያመጣውን ክሪስታል ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጠው። ልክ ከቬንትሌተሩ ሥር። ከወረቀቱ ጠርዝ ቀጭን ቢጫ ዱቄት ሲነሳ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። አየሁት፣ ግን ምን እንዳየሁ አላወቅኩም።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኔን መርፌዎች አየ። "ቅርጽ አሳስቶሻል" አለ። "ቆሻሻ የገባበት ክሪስታል እንዲህ ይረዝማል። በባሮ ውሃ ነው የሠራሽው አይደል?"

"በተጣራ ውሃ ነው።"

"እንግዲያውስ በፊቴ ሥሪልኝ።"

በፊቱ አዲስ ሳህን አዘጋጀሁ። እሱ ሆቴሉ ገብቶ በየቀኑ ብቅ እያለ ያያል። በማግስቱ የነበሩኝ መርፌዎች በሙሉ ደፈረሱ። አንድ እንኳ አልተረፈም። አዲሱ ሳህንም ሲደርቅ ያበቀለው ወፍራሙን፣ አጭሩን፣ የእሱን ነው። ፊቱ በራ። "አየሽ? ንጹሕ ስትሆኚ የኔው ይመጣል።"

ኦጁሉ ያን ጊዜ ነው የተናገረው። "ፕሮፌሰር፣ እኔም አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ መርፌ ነበር። ሁለታችን ነው ያየነው።"

"አንተ የምን መምህር ነህ?"

"ባዮሎጂ።"

"በል እንግዲያውስ እንቁራሪትህን ተመልከት።"

ወይ ጉድ! በሰው አገር፣ የሰው ዓሣ በልቶ! ደሜ ፈላ፤ ግን አፌን ያዝኩ፤ የፈራሁት ለዲግሪዬ ነው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ኦጁሉ "እኔ እንቁራሪት አይቼ ነው የምናገረው። እሱ አይቶም አያይም" አለኝ።

ለወራት ሞከርኩ። ሳህኖቹን ቀቀልኩ፣ ወለሉን አጠብኩ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ በሙቀት ልሞት ደረስኩ። መርፌው እንደዚያ ሆኖ ተመልሶ አልመጣም። አዲስ አበባ ስመለስ ፕሮፌሰሩ ያን ምዕራፍ አውጥቼ "ግኝቱ በንጽህና ጉድለት የመጣ ስህተት ነበር" ብዬ እንድጽፍ አዘዘኝ። አልጽፍም አልኩ። ያየሁትን አላየሁም አልልም! እሱም ለትምህርት ክፍሉ "የሐሰት ውጤት ትፈጥራለች" ብሎ ነገረብኝና ጥናቴ ተሰረዘ። አዲስ ርዕስ፣ አዲስ አማካሪ፣ ከዜሮ። የጉድጓድ ውሃ ስመረምር ሁለት ዓመት ጨመርኩ።

አባቴ በሁለተኛው ክረምት ታመመ። በስልክ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ልጄ፣ መቼ ነው?" እኔም "ደርሷል አባባ" እላለሁ። ለምርቃቴ የታሰረው ፍየል የታረደው ለእሱ ሰደቃ ነው። ሥጋው በሰፈሩ ሲታደል እኔ ጓሮ ቆሜ ነበር፤ አንዲት ጉርሻ አልወረደልኝም።

እውነቱ የገባኝ ከዚያ በኋላ፣ እናቴ ማሰሮ ስታጥብ ነው። የቆየው እርሾ አልለቅ ብሏት "ይሄ ዕቃ የፈለግሽውን ብታቦኪበት ወደ ድሮው ነው የሚመልሰው" ብላ እየተነጫነጨች ትፈትገዋለች። እጄ ላይ የነበረው ጣሳ ወደቀ። እርሾ! ክሪስታልም እርሾ አለው። የዱቄት ብናኝ ይበቃዋል፤ የጸናው ድርድር አንዴ ክፍሉ ውስጥ ከገባ ያልጸናው ድርድር ዳግም አይበቅልም፤ ሁሉም የገባውን ተከትሎ ይደረደራል። ኮት ላይ፣ ጢም ላይ፣ ፀጉር ላይ ተለጥፎ ከቤት ቤት ይዞራል። ይህን ደግሞ ከማንም አልሰማሁትም፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ክፍል ውስጥ ከራሱ ከፕሮፌሰሩ ነው የሰማሁት! እንደ ቀልድ አድርጎ ነበር የነገረን፤ ተማሪው ሁሉ ስቋል። እኔም ስቄ ረስቼዋለሁ። እሱ ግን የሚያስተምረው ነገር ነው፤ እንዴት ይረሳዋል? ገንፍዬ አዲስ አበባ ሄድኩ። ቢሮው ተዘግቷል፤ ውጭ አገር ሄዷል አሉኝ። ሲመለስ ደግሞ እኔ ልጅ ወልጄ፣ እናቴን እያስታመምኩ ነበር። ንዴቴ ግን እዚያው ተቀመጠ።

አዲሱ ቤተ ሙከራ ከከተማው ወዲያ ማዶ ተሠራ። ግድግዳው አዲስ፣ ጠረጴዛው አዲስ። የፕሮፌሰሩ ዱቄት ያልደረሰበት ቦታ! ያቺን እንደታሸገች የቀረች ሁለተኛ ጠርሙስ ፈቃድ አውጥቼ ለተማሪዬ ለአሪየት ሰጠኋት። አሪየት የኢታንግ ልጅ ናት፤ ነገር አታበዛም፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ ነው የምትገባው። መርፌው ባለፈው ወር በቀለ። ወላሂ፣ በበሩ መስታወት በኩል በዓይኔ አየሁት።

ዛሬ ጠዋት ምረቃው ሆነ። ለኃላፊያችን "ንግግር አላደርግም፤ በሩ ላይ ግን እቆማለሁ" ብዬው ነበር። ፕሮፌሰሩ ከዘራ ይዞ መጣ፤ አርጅቷል፣ ኮቱን ግን አልተወም። ሪባኑን ቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ወደ በሩ መጣ።

"ሰዓዳ! አሁንም እዚሁ ነሽ?"

"እንኳን ደህና መጡ። መግባት ግን አይቻልም።"

የኃላፊያችን ፊት አመድ መሰለ። በበሩ መስታወት በኩል ውስጥ ያለው ስክሪን ይታያል፤ አሪየት ማይክሮስኮፑን ከእሱ ጋር አገናኝታዋለች። ቢጫ መርፌዎች ስክሪኑን ሞልተውታል። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አስተካክሎ ለረጅም ጊዜ አየ።

"አንቺ ይዘሽኝ ብትገቢስ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቅርብ" አለኝ።

"እኔም ገብቼ አላውቅም። ስንት ዓመት በእርስዎ ዱቄት ውስጥ ነው የኖርኩት።"

ፈገግ አለ። ፈገግ አለ! "ያኔ ብልቃጡን መክፈቴ ነው ያጠፋቸው። ሆቴል ገብቼ ስተኛ ጠርጥሬ ነበር እኮ። ግን ፕሮፌሰር ሆኖ በመምህራን ፊት ተሳሳትኩ ማለት... በኋላ ራስሽ ትደርሺበታለሽ አልኩ።"

"ደረስኩበት" አልኩት። "አባቴ ግን አልደረሰበትም።"

አልገባውም። ስለ አባቴ ምን ያውቃል? ግራ ተጋብቶ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ኮሪደሩ እንደ ምድጃ ነው።

"ኧረ ሙቀቱ... ቬንትሌተር የላችሁም?"

"አለን። አይከፈትም።"

ኃላፊያችን ክንዱን ይዞ ወደ ሻይ ቤት ወሰደው። እኔ እዚያው ቆምኩ። ኢታንግ ተዛውሮ የሚያስተምረው ኦጁሉ ደወለልኝና "አስገባሽው?" አለኝ። አላስገባሁትም ስለው ለረጅም ጊዜ ሳቀ፤ እንቁራሪቶቹም ሰላም ይሉሻል አለኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ።

አሁን ይህን ስጽፍ ሰዉ ሁሉ ሄዷል። አሳፍረሽዋል፣ በቃሽ የሚሉኝ አሉ። አልበቃኝም። ሰውዬው ነገ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የሰረዘው ምዕራፍ፣ የበላው ሁለት ዓመት፣ በረንዳው ላይ ታስሮ የነበረው ፍየል የሚመለስ ነገር አይደለም። አሪየት መብራት አጥፍታ ከመውጣቷ በፊት ሳህኑን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ታሳየኛለች፤ መርፌዎቹ ያምራሉ። እኔ ያገኘኋቸው፣ በወጣትነቴ የተዋሸብኝ መርፌዎች ናቸው። ፀጉሬ ውስጥ፣ ልብሴ ስፌት ውስጥ የዚያ ሰው ዱቄት ቀርቶ እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ከውጭ ቆሜ በመስታወት ነው የማያቸው።